«መምህሩ» የሚል ገጽ

ትናንት ማታ ከሰፈራችን ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ተሰረዝኩ። በስሜ አልተጻፍኩም፤ ባለ ሱቁ «መምህሩ» ነው የሚለኝ። ጠርዙ ያበጠ፣ ዘይት የጠጣ፣ እስክሪብቶው በሲባጎ የታሰረበት ደብተር ነው። አምና ጥቅምት ላይ የኔ ነገር ሁለት ገጽ ሞልቶ ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር።

ያኔ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ለሱቁ 8,700፣ ለስልክ ብድር 6,000፣ ለሥራ ባልደረባዬ 5,000። ዕቁቡ ደግሞ አለ። ዕጣው ቀድሞ ወጣልኝና ቴሌቪዥን ገዛሁበት፤ በየወሩ 2,400 ለ9 ወር መጣል ቀረብኝ። ሰው ዕቁብን ዕዳ አይለውም። ቀድሞ የበላ ግን ባለ ዕዳ ነው። ድምሩ 41,300 ብር።

«ዕዳ ከሜዳ» ይባላል። የኔው ከሜዳ አልመጣም። መጀመሪያ በኑሮ ውድነት አሳበብኩ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዘይቱም ሳሙናውም አልቀመስ ብሏል፣ ይሄ ሐሰት አይደለም። ባለቤቴ ግን «እስቲ አንድ ወር የምታወጣውን ጻፈው» አለችኝ። ጻፍኩት። ሳየው አፈርኩ።

የጨረሰኝ ጤፉ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ቡና ልጠጣ ብለህ ከተቀመጥክ የምታውቃቸው አራት ሰዎች መምጣታቸው አይቀርም፣ ሒሳብ ሲጠየቅ ደግሞ «በሞቴ እኔ ልክፈል» ተባብለን እንተናነቃለን፣ እኔ ደግሞ ሁሌ አሸናፊ ነኝ። ኪሴ ባዶ ሲሆን እንኳ ጠረጴዛው ሥር ስልኬን ነካክቼ፣ ተበድሬ፣ ከፍያለሁ። ተበድሮ ጋባዥ! ከጻፍኩት ውስጥ ሲሶው የሰው ማኪያቶና ምሳ ነበር።

ማኪያቶ መተው ቀላል ነው። ጎጃም ተወልጄ በሶ መበጥበጥ አይከብደኝም፤ ጠዋት ጠዋት በኮዳ ይዤ እወጣለሁ። ጤፍም በኪሎ በዱቤ ማምጣቱን ትተን ቅዳሜ ገበያ ወርደን አንድ ኩንታል ከጎረቤት ጋር ለሁለት መካፈል ጀመርን። የስልክ ብድሩን አስቀደምኩ፣ ቀን በቆጠረ ቁጥር ይጨምራላ። የሱቁ ወለድ የለውም። ወለዱ ዓይን ነው። በሩ ላይ ላለማለፍ ዙሪያውን በቅዱስ ማርቆስ በኩል የምዞርበት ጊዜ ነበር።

የከበደኝ «የለኝም» ማለት ነው። ሚያዝያ ላይ የአጎቴ ልጅ ተዳረች። በፊት ቢሆን ተበድሬም ቢሆን 3,000 ይዤ እሄድ ነበር። አሁን 500 ብር ፖስታ ውስጥ ከትቼ ቢቸና ሄድኩ። አክስቴ ፖስታውን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ «ምነው ሳሳ ልጄ?» አለችኝ። ጆሮዬ ጋለ። «ዕዳ አለብኝ እቴቴ» አልኳት። ትን እስኪላት ሳቀችና ትሪዬ ላይ ወጥ ጨመረችልኝ። ለዚህ ነው እንዴ ስንት ዓመት የተበደርኩት?

ዕቁቡ ሐምሌ ላይ አለቀ። ያ 2,400 ወደ ባልደረባዬ ዞረ፣ ከዚያ ወደ ሱቁ። (አንዴ መስከረም ላይ ለበዓል ብዬ አንድ ዶሮ በዱቤ ወስጃለሁ። ባለቤቴ እስካሁን ታነሳብኛለች።)

ትናንት የመጨረሻውን 700 ቆጥሬ ሰጠሁት። ባለ ሱቁ ምራቁን እያስነካ ገጹን ፈለገ፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዘው። «እንግዲህ ደንበኛ አጣሁ» ብሎ ቀለደ። ጨውና ክብሪት ገዝቼ መቶ ብር ዘረጋሁለት። ዝርዝር አጣ። መሳቢያውን ጎልጉሎ ጎልጉሎ፣

«10 ብር ጎደለኝ መምህር፣ ነገ ልስጥህ?» አለኝ።

«ምን ችግር አለ» አልኩት፣ «ብቻ ደብተሩ ላይ ጻፋት።»