የሞተው ፈንገስ ያጠራው ውኃ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ስሠራ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን (ባጭሩ ሲፕሮ) የተባለውን ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት ከሆስፒታል ፍሳሽ በፈንገስ የማስወገድ ሙከራ ተሰጥቶኝ ነበር። ሰው ከሚውጠው ሲፕሮ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ሳይለወጥ በሽንት ስለሚወጣ፣ ፍሳሹ በሚደርስበት ወንዝ ያሉ ባክቴሪያዎች በትንሽ በትንሹ እያገኙት መድኃኒቱን ሊላመዱት ይችላሉ። ሥራውን በሙሉ ልብ የያዝኩት ይህ ስለሚያሳስበኝ ነበር።

ፈንገሱ ትራሜቴስ ቨርሲከለር ይባላል፤ በወደቀ ግንድ ላይ እንደ ማራገቢያ ተደራርቦ የሚበቅል ነው። እንጨትን የሚያጠነክረውን ሊግኒን ለመሰባበር የሚያመነጫቸው እንደ ላኬዝ ያሉ ኢንዛይሞች አንድ ውህድ ብቻ መርጠው የሚያጠቁ ስላልሆኑ፣ ብዙ መድኃኒቶችንም ይለውጣሉ። በጠርሙሶቹ ውስጥ ሽምብራ የሚያክሉ ነጫጭ እንክብሎች ሠርቶ ሲሽከረከር ሰነበተ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ውኃውን ስለካው ሲፕሮው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

ግራፉን ይዤ ወደ ኃላፊያችን ስገባ በጥሞና ተመልክተው፣ «የሞተ ፈንገስ ያለበት ጠርሙስ የታለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። አላዘጋጀሁም ነበር። ሲፕሮ በብርሃን ስለሚበላሽ ፈንገስ የሌለበትን ጠርሙስ በፎይል ሸፍኜ አስቀምጬአለሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ሙከራውን እንደገና ስጀምር ከፊሉን ፈንገስ በአውቶክሌቭ (በግፊት በታመቀ ትኩስ እንፋሎት በሚያመክን መሣሪያ) ገድዬ ጨመርኩ። በሞተው ፈንገስ ጠርሙስም ከሲፕሮው አብዛኛው ከውኃው ጠፋ። በሕያዋኑ ጠርሙሶች የነበሩትን እንክብሎች ጨምቄ፣ አሲድ በተቀላቀለበት ሜታኖል ዘፍዝፌ፣ የወጣውን ፈሳሽ በክብ ወረቀት ላይ አድርቄ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ በተዘራበት ሳህን ላይ አኖርኩት። ሲነጋ ባክቴሪያው ሳህኑን እንደ ስስ የወተት ሽፋን ሞልቶታል፤ በወረቀቱ ዙሪያ ግን መስተዋት የመሰለ ጥርት ያለ ቀለበት ነበር። ሜታኖሉ ብቻ የደረቀበት ወረቀት ዙሪያ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። መድኃኒቱ በአብዛኛው አልተሰባበረም፤ ከውኃው ወጥቶ ፈንገሱ ላይ ተጣብቆ፣ ባክቴሪያ የመግደል ኃይሉን እንደያዘ ተቀምጧል።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ እንክብሎቹን ለግቢያችን አትክልተኛ በማዳበሪያነት ለመስጠት ቃል መግባቴ ነበር። በአውቶክሌቭ ቢቀቀሉ እንኳ ሲፕሮ ሙቀትን ስለሚቋቋም ፈንገሱ ይሞታል እንጂ መድኃኒቱ አይጠፋም፤ ከፍሳሹ ያወጣነውን በገዛ እጃችን አፈር ውስጥ ልንመልሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ዙር ሕያውና የሞተ ፈንገስ ጎን ለጎን እናስቀምጣለን፤ በውኃው የቀረውንና በእንክብሎቹ የተያዘውን ለየብቻ ለክተን እንደምራለን። ፈንገሱ በእርግጥ የሰባበረው ድርሻ መጀመሪያ ከጻፍኩት እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ የተሰባበረውን ቅሪት ተቀብለው የሚጨርሱ ባክቴሪያዎችን በሁለተኛ ጋን ማሠራት የጀመርነው በዚያው ድርሻ ተማምነን ነው። አትክልተኛውን «ጋሼ፣ ይህንስ አልሰጥዎትም» ብዬ ምክንያቱን አስረድቻቸው፣ ጆንያውን ወደ ማቃጠያው ይዤ ሄድኩ።