አንዱ «ሥራ» ሌላውን በማይሆንበት፦ የካታሎግ መዝገቦችን የመቀየር ልምምዴ

ላለፉት ሦስት ወራት በትርፍ ጊዜዬ፣ ወደ አርባ የሚጠጉ የአማርኛ መጻሕፍትን የማርክ መዝገቦች (ማርክ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍን መረጃ በቁጥር በሚጠሩ መስኮች የሚመዘግቡበት ቅርጸት ነው) መጀመሪያ ማርክን እንዲተካ ወደተዘጋጀው ቢብፍሬም ወደሚባል የመረጃ ሞዴል፣ ከዚያም ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን (ኢፍላ) እ.ኤ.አ. በ2017 ወዳጸደቀው ኤልአርኤም ወደሚባል ሌላ ሞዴል ስቀይር ቆይቻለሁ። የመጀመሪያው እርምጃ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ ያቀረበው መቀየሪያ ስላለ፣ ብዙ አላደከመኝም። ያደከመኝ ሁለተኛው ነው፤ ሁለቱም ሞዴሎች «ሥራ» የሚል ቃል ቢኖራቸውም በቃሉ የሚሉት ነገር የተለያየ ነውና።

ኤልአርኤም አራት ደረጃ አለው፦ ሥራ፣ ሥራው በቋንቋ ወይም በድምፅ የያዘው አገላለጽ፣ ኅትመት፣ እንዲሁም መደርደሪያ ላይ ያለው ቅጂ። ቢብፍሬም የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደርቦ በሦስት ይጨርሳል። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ ጽሑፍ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው እና የእንግሊዝኛው ትርጉም በኤልአርኤም የአንድ ሥራ ሦስት አገላለጾች ሲሆኑ፣ በቢብፍሬም ግን እርስ በርስ የተያያዙ ሦስት ሥራዎች ናቸው። ከኤልአርኤም ወደ ቢብፍሬም መውረድ መደረብ ብቻ ነው፤ መመለሱ ግን የትኞቹ የአንድ ሥራ ልጆች እንደሆኑ መለየትን ይጠይቃል፤ ለዚህ የሚያግዙት ወጥ ርእስ የሚጻፍበት 240 መስክና የመነሻ ቋንቋ የሚገኝበት 041 መስክ፣ በእኔ መዝገቦች ውስጥ በአብዛኛው ባዶ ነበሩ።

በቢብፍሬም ዘግይቶ የመጣው «ሀብ»፣ ማለትም ተዛማጅ ሥራዎችን የሚያገናኝ መዝገብ፣ መፍትሔ መስሎኝ እያንዳንዱን ሀብ የኤልአርኤም ሥራ አድርጌ ነበር። ስህተት ነው። ርእሱ ላይ የቋንቋ ስም የተቀጠለበት ሀብም ስላለ፣ አሁን ቋንቋ ያለበትን ወደ አገላለጽ፣ የሌለበትን ወደ ሥራ እመራለሁ።

ሌላው ጥፋት ሙሉ በሙሉ የራሴ ነው። ርእሰ ገጹ ላይ ያየሁትን 1958 እንዳለ ዘመኑ በኮድ በሚሰፍርበት 008 መስክ ውስጥ ጽፌው፣ መቀየሪያው እንደ ፈረንጅ ዘመን ስለተቀበለው መጽሐፉ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አረጀ። የኅትመቱ ወር ካልተጠቀሰ አጠራጣሪ ዘመን የሚለውን ኮድ ይዞ 1965 እና 1966ን ማስገባት ይሻላል፤ በገጹ ላይ የታተመው 1958 ግን የኅትመት መረጃ በሚጻፍበት 264 መስክ እንደሰፈረ ይቆይ። (እርማቱን በእጅ ስሠራ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ።)

ወደ ጎን ያቆየኋቸው የግጥምና የአጭር ልብ ወለድ መድብሎች ናቸው። ቢብፍሬም መድብሉን ራሱን እንደ ሥራ ሲመዘግብ፣ ኤልአርኤም ግን ብዙ አገላለጾችን በአንድነት የያዘ ኅትመት ይለዋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ከላይ ያለው «ሥራ» ሁለት ደረጃ መውረድ ሊኖርበት ነው፣ የየግጥሙ ርእስም በ505 መስክ እንደ ተራ ጽሑፍ ተደርድሮ ስለሚገኝ አንድ በአንድ መፈልቀቅ አለበት። በመጪው ወር የምጀምረው ከሁለት ቀጫጭን የግጥም መድብሎች ነው።