የጣሳው ሲሶ፦ የእናቴን የገና ብስኩት በደሴ ስማር

በቤታችን «የገና ብስኩት» ከመባል ሌላ ስም የለውም። ክብ፣ ስስ፣ በሻይ ብርጭቆ አፍ የተቆረጠ፣ ጥርስ ሲነካው የሚፈርስ፣ ኮረሪማ ኮረሪማ የሚል ነው። እናቴ በተማሪነቷ በባልትና ክፍለ ጊዜ ያየችውን በራሷ መንገድ እያሻሻለች ይህን ሁሉ ዘመን ስትጋግረው ኖራለች። በገና ማለዳ ከድፎ ዳቦው ጎን ለቡና ቁርስ ይቀርባል። አሁን ጣቶቿ ሊጥ ማሸት ስለከበዳቸው ሙያውን ልረከብ ዘንድሮ ማጀት ገባሁ። አክስቶቼ «ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ ምን ሊሆን ነው?» እያሉ ይስቁብኛል፤ ሳህኑ ሲዞር ግን እጇን የሰበሰበች አላየሁም።

የእናቴ መስፈሪያ እንዲህ ነው፦ አንድ ጣሳ ዱቄት፣ የጣሳው ሲሶ ንጥር ቅቤ፣ ሁለት የቡና ሲኒ ስኳር፣ አንድ አስኳል፣ ቁንጥር ጨው። ኮረሪማውስ ስንት ነው? «እንደ እጅህ»። ጣሳው ስንት ይይዛል ብዬ ብጠይቃት «ጣሳ ነዋ!» አለችኝ። ስለዚህ በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሚዛን ተውሼ እሷ የሰፈረችውን ሁሉ መመዘን ነበር። ዱቄቱ 560 ግራም፣ ቅቤው 300፣ ስኳሩ 140 ገደማ ሆነ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከትምህርቱ ሁሉ በጣም የገረመኝ ይህ ነውና። በብዙ የመጋገሪያ መጻሕፍት ላይ ለእንዲህ ዓይነቱ ደረቅ ብስኩት የሚሰጠው ልክ በክብደት ሦስት እጅ ዱቄት፣ ሁለት እጅ ቅቤ፣ አንድ እጅ ስኳር ነው። በዚያ ስሌት ለ560 ግራም ዱቄት 373 ግራም ቅቤ ያስፈልጋል። ነገር ግን መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ገበታ ቅቤ ነው፤ የገበታ ቅቤ ስቡ 80 በመቶ ገደማ ሲሆን የቀረው አብዛኛው ውሃ ነው። የ373 ግራም 80 በመቶ ሲሰላ 300 ግራም ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። የእናቴ የጣሳ ሲሶ በትክክል እዚያው ላይ አረፈ። ስኳሩ ግን ከመጽሐፉ ይለያል፤ መጽሐፉ 187 ሲል እናቴ 140 ትላለች፣ ሩብ ያህል ትቀንሳለች። ይህን ቅነሳ መጀመሪያ የቁጠባ ልማድ አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ያወቅሁት ኮምቦልቻ ካለችው እህቴ ጋር መወዳደር ስንጀምር ነው።

ቅቤውን ላስቀድም። ብስኩቱ አሸዋማ የሚሆነው በንጥር ቅቤ ስለሚሠራ ነው። ዱቄት ውሃ ሲያገኝና ሲታሽ ግሉተን የሚባለው የሚለጠጥ ነገር ይፈጠራል። ለድፎ ዳቦ የምንደክመው እሱን ለማግኘት ነው፤ ለዚህ ብስኩት ግን ጠላት ነው። ተነጥሮ ውሃው ያለቀ ቅቤ ዱቄቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያጣብቀውም። ቅቤውን ቀልጦ ሳለ ማፍሰስ አይገባም፤ ዱቄቱ ጠጥቶት ብስኩቱ ይጠጥራል። ረጋ ብሎ፣ ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ ሲሆን ከደቀቀ ስኳር ጋር ነጣ እስኪል መምታት፣ ከዚያ አስኳሉን፣ በመጨረሻም የተነፋውን ዱቄት ጨምሮ ሳያሹ መሰብሰብ ነው። ሊጡ አልሰበሰብ ካለ አንድ ማንኪያ ወተት ይበቃዋል።

ቅቤ የገዛሁት ከሰኞ ገበያ፣ በዓሉ ሳይቃረብ ነው። የበዓል ሰሞን ቅቤ ዋጋውም ጥራቱም አያስተማምንም፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት እንደሆነ ድስት ላይ ሲወጣ ዝቃጩ ይመሰክርበታል። አነጣጠሩም ከወጥ ቅቤ የተለየ ነው። ኮሰረት የለ፣ በሶብላ የለ፣ እርድ የለ፤ የተፈለፈለ ኮረሪማ ብቻ።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ። እህቴ የምትሠራው እንቁላልና ቤኪንግ ፓውደር ያለበትን ለስላሳውን ዓይነት ነው። እሷ ቤት ጉብ ብሎ ያማረ ይወጣል። ያንኑ ልክ፣ ያንኑ ዱቄት ይዤ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ስወጣ ግን ብስኩቱ ትሪው ላይ ይንጣለልና ጠርዝ ለጠርዝ ይገናኛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የከፍታ ልዩነታቸው ግን ከ600 ሜትር አያንስም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል። ግፊቱ ሲቀንስ ከቤኪንግ ፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ይበልጥ ይስፋፋል፤ ሊጡ ሳይጸና ቶሎ ይነፋና መልሶ ይወድቃል። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እርጥበቱ ፈጥኖ ይተንና ስኳሩ በሊጡ ውስጥ እየበረታ ይሄዳል። የበረታ ስኳር ደግሞ ሊጡን ያላላዋል። ደሴ ላይ ባቄላ መቀቀል ለምን እንደሚረዝም የሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ እኔ ግን ብስኩትንም ይመለከታል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ደሴ ላይ የሠራልኝ ማስተካከያ ይህ ነው፦ ቤኪንግ ፓውደሩን ከሁለት የሻይ ማንኪያ ወደ አንድ ከሩብ ማውረድ፣ ስኳሩን በአምስተኛ እጅ መቀነስ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት መጨመር፣ ኦቨኑን ደግሞ በ10 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ጠርዙ ከመንጣለሉ በፊት እንዲጸና ማድረግ። እናቴ ቤኪንግ ፓውደር አትጠቀምም፤ ስኳሯን ግን ራሷ ቀንሳ ጠብቃኛለች። ስለ አየር ግፊት ሳወራላት «ስኳር ሲበዛ ይፈስሳል አላልሁህም?» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ብርዱም የራሱ ሥራ አለው። በታኅሣሥ ማለዳ ከጦሳ በኩል በሚወርደው ውርጭ ቅቤ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን ሳህኑን ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር ማቆየት ግድ ነው። በአንጻሩ የተዳመጠውን ሊጥ ከመቁረጥ በፊት ለማጽናት መስኮት ደፍ ላይ ማኖር ይበቃል። እህቴ ለዚሁ ሥራ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ያስፈልጋታል።

የቅምሻው ነገር ከሁሉ አስቸጋሪ ነበር። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት ነው፤ ቅቤና እንቁላል አይቀመስም። ለበዓሉ የሚደርስ ሙያ መለማመድ የሚቻለው ግን በዚሁ ጊዜ ነው። እናቴ በመዓዛውና በመልኩ ታውቃለች፤ የታችኛው ፊቱ የስንዴ ቆሎ መልክ ሲይዝ በቃ ማለት ነው። እኔ ገና እዚያ አልደረስሁም። ስለዚህ ከየትሪው አንዳንድ ሳህን አጥር ተሻግሮ ወደ ጎረቤታችን እማማ ይሄድ ጀመር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ የሳቸውን በዓል ከእኛ፣ የእኛን ከሳቸው ለይተን አናውቅም። የሥጋው ነገር በየእምነቱ ነው፤ ብስኩትን ግን ማን አረደው የሚል የለም።

እማማ የማያዳላ ዳኛ ናቸው። መጀመሪያ የላክሁትን ቀምሰው «ልጄ፣ ይሄ ወጥ ወጥ ይላል» አሉ። ቅቤውን በኮረሪማ ብቻ የማንጠር ነገር የተያዘው ከዚያ በኋላ ነው፤ እናቴ ቀድሞም እንዲያው ነበር ትላለች። በሌላ ቀን ስኳሩ ቡናውን አጠፋው አሉ። በስተመጨረሻ አቦሉን ይዘው ሁለት በተከታታይ ሲበሉ አየሁና ምንም ሳልጠይቅ ጠበቅሁ። «አብሽር፣ ይሄኛው ቡና ያስጠጣል» አሉኝ። የልጅ ልጆቻቸውም ይቀምሳሉ፤ ነገር ግን ለእነሱ የተቃጠለውም ጥሩ ነው፣ ለዳኝነት አይሆኑም።

ለራሴ ቅምሻ ደግሞ የጾም ብስኩት ሠራሁ፤ 400 ግራም ዱቄት፣ 120 ግራም ተቆልቶ የላመ ለውዝ፣ 120 ግራም ስኳር፣ 100 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 80 ሚሊ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ ዝንጅብልና ቀረፋ፣ ከላይ ሰሊጥ። ዘይት ብቻውን ቅርጽ አይዝም፤ ለውዙ ነው የሚያቆመው። በዚያ ሰሞን ከተማው ወደ ላሊበላ በሚሄዱ ምእመናን ይሞላል፤ ከመሐል አገር የሚመጣው መንገደኛ በደሴና በወልድያ በኩል ያልፋል። አንደኛዋ አክስቴም ተጓዥ ስለነበረች ከበሶዋና ከዳቦ ቆሎዋ ጋር አንድ ከረጢት ጨመርሁላት። ስትመለስ ብስኩቱ ሳይሻግት እንደቆየና ከዳቦ ቆሎው ቀድሞ እንዳለቀ ነገረችኝ። ከሁሉ የምታሾፍብኝ እሷ ነበረች።

መብራት በጠፋባቸው ቀናት ወፍራም ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ጨው አንጥፌ፣ በላዩ ማስቀመጫ አድርጌ፣ ክዳኑን ገጥሜ በከሰል አሙቄ ሞክሬዋለሁ። ከታች ይበስላል፣ ከላይ ግን ነጭ ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ከድፎ ዳቦ የተወሰደ ነው፤ ክዳኑ ላይ ፍም መደርደር። ኦቨን ላይ በ180 ዲግሪ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ የሚወስደው ብስኩት ድስት ውስጥ 25 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። መልኩ እኩል አይወጣም፤ ጣዕሙን ግን ከኦቨኑ አላሳንሰውም፣ እንዲያውም ትንሽ ጭስ ጭስ ማለቱን ወድጄዋለሁ።

ገና ዘንድሮ ረቡዕ ዋለ፤ በዓሉ የረቡዕን ጾም ስለሚሽር ከሌሊቱ ቅዳሴ ስንመለስ ቀጥታ ወደ ማዕዱ ሆነ። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ወጥቷል፣ ድፎው ተቆርሷል። ከዶሮ ወጥ በኋላ ብስኩት የሚጠይቅ ሰው አይኖርም ብዬ ነበር፤ ቡናው ሲፈላ እማማም ከነልጅ ልጆቻቸው መጡና ሳህኑ ዞረ። እናቴ አንዱን ሰብራ ውስጡን አየች፣ አሸተተች፣ በላች። «ኮረሪማው አንሷል» አለች። እማማ ወዲያው «ኧረ በዝቷል እንጂ!» አሉ። ከአቦል እስከ በረካ በዚህ ሲከራከሩ ዋሉ፤ እኔም የማስታወሻዬ ላይ «አንድ የሻይ ማንኪያ» የሚለውን ሳልነካው ትቼዋለሁ።

ቀጣዩ ሙከራዬ ለፋሲካ ነው፤ ከዱቄቱ ሩቡን በነጭ ጤፍ መተካት እፈልጋለሁ። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ብስኩቱ ይበልጥ አሸዋማ ይሆናል፣ ይሰባበር ይሆናል የሚል ስጋትም አለኝ። የሞከራችሁ ካላችሁ ልካችሁን ንገሩኝ። ችግሩ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃ ከታየች በዚያው ሳምንት ነው። ቀን ቀን ቀማሽ የለኝም ማለት ነው። እማማን ሳማክራቸው «ከመግሪብ በኋላ አምጣው፣ ግን ሾርባውን ልጠጣ» ብለውኛል።