የኮምቦልቻው ቀይ ሸረሪት

የምሄደው ደሴ፣ ለሠርግ ነበር። ከአዲስ አበባ ንጋት 11 ሰዓት ወጣን። ጣርማበር ላይ ብርድ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት፣ ከሚሴ አካባቢ የፈነዳ ጎማ። ኮምቦልቻ ስንገባ ጨልሟል። ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት በጨለማ አልወጣም ብዬ እዚያው አልጋ ያዝኩ።

በስልክ 800 ብር ያለኝ ሰውዬ ስደርስ 1,200 አለ። "ቅዳሜ እኮ ነው።" ዓርብ ነበር። ደክሞኝ ከፈልኩ። መስኮቱን ስከፍት ቢንቢ፣ ስዘጋው ላብ። እኔ የእንጦጦ ሥር ልጅ ነኝ፤ ያለ ብርድ ልብስ እንቅልፍ አይወስደኝም። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጣሪያ ሳይ ቆየሁ።

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መስታወቱ ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ዘለለ። ሸረሪት ነው፤ የትንሽ ጣቴን ጥፍር አያክልም። ሆዱ በርበሬ የመሰለ ቀይ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር መስመር። ጣቴን ወደ ግራ ሳንቀሳቅስ ዞሮ አየኝ። ወደ ቀኝ ስወስደው እንደገና ዞረ። ሸረሪት ዓይን ለዓይን ሲያየኝ የመጀመሪያዬ ነው። መስታወቱ ውስጥ ራሱን ሲያይ ደግሞ ባላጋራ መሰለው መሰል፣ የፊት እግሮቹን ቀስሮ ቆመ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ክፍል የሚያጸዱት እናት መጥረጊያ ይዘው ገቡ።

"እናቴ፣ እሱን ይተዉልኝ።"

ጠጋ ብለው አዩት። "ይሄን? አብሽር ልጄ፣ ዝንብ ነው የሚይዘው። ድር አያደራ፣ ቤት አያቆሽሽ።"

እውነታቸውን ነው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የተባለው ይሄኛውን አይመለከትም። አድፍጦ፣ ተጠግቶ፣ ዘሎ ነው የሚይዘው። ከመዝለሉ በፊት ግን የቆመበት ቦታ ላይ አንድ ክር ያጣብቃል፤ ቢስት እንኳ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አዘላለሉም ይገርማል፤ የሰውነቱ ፈሳሽ በኃይል ወደ እግሮቹ ሲገፋ ነው የሚፈናጠረው።

ደሴ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ሆነው ተገኙ። ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኬ የአውስትራሊያ ፒኮክ ሸረሪት ነው ማለቱንም ነገርኳቸው።

"በኮምቦልቻ ኤርፖርት ገባ በለኛ!" ረዳቱ ሳይቀር ሳቀ።

"ዓይኑን ቁጠር" አሉኝ። ስምንት። ፊት ለፊት አራት፣ መሃል ያሉት ሁለቱ የመኪና መብራት ያክላሉ። "ዘላይ ሸረሪት ነው። እስከዚህ ድረስ በዓይን ይታወቃል።"

"ዝርያውስ ጋሼ?"

"ከ6,000 በላይ ዝርያ አላቸው። ቀለም ብቻ አይተህ ስም ልታወጣ ነው?" ብዙ ጊዜ ወንዱ ያሸበርቃል፣ ሴቷ አፈር ትመስላለች፤ የማያውቅ ሰው ሁለት ዝርያ ናቸው ብሎ ይምላል። ወንዱ አፉ አጠገብ ሁለት አጫጭር እግር መሳይ ነገሮች አሉት። ዘሩን ለሴቷ የሚያቀብለው በእነሱ ነው፤ ቅርጻቸውም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። አጥኚዎች በማይክሮስኮፕ የሚያዩት እሱን ነው። ፎቶዬን አጉልቼ ፈለግሁ። ያ ቦታ የደበዘዘ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው። አርባ ሦስት ፎቶ አንስቼ አንዱም አፉን አላሳየም።

ሐረጎን ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ፣ ብርዱ መጣ፣ ነፍሴም መለስ አለች። ደሴ ጃኬት የሚያስለብስ ከተማ ስለሆነ ገና ሳልወርድ ወደድኩት። መምህሩ የእኔንም ሒሳብ ከፍለው ፒያሳ ወረዱ። እንቢ ብል "እንግዳ አይደለህ እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ።

ሠርጉ ጥሩ ነበር። የሙሽራዋ ፎቶ ሁለት አለኝ።

እሑድ ስመለስ፣ ደሴ የገዛሁትን አጉሊ መነጽር ኪሴ ከትቼ ያንኑ ክፍል ጠየቅሁ።

"ስድስት ቁጥርን? 1,300 ነው" አለ ሰውዬው። "እሑድ እኮ ነው።"

ከፈልኩ። ቢንቢው ነበረ። ቀዩ አልነበረም።