35 ወይስ 50?

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አያቴ ቤት ውዬ የመጀመሪያዬን ፕራይም ሌንስ፣ ማለትም ዙም የማያደርግ ሌንስ፣ መረጥኩ። ለወራት ስብሰለሰልበት ቆይቻለሁ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «50 ሚሊሜትር ግዛ» ስለሚለኝ ልገዛው ተቃርቤ ነበር። ሚሊሜትሩ ሲበዛ ሌንሱ አቅርቦ ያሳያል፤ የሚያስገባው ቦታ ግን ይጠባል።

ጠዋት የካሜራዬን 18-55 ዙም 50 ላይ አድርጌ እንዳይንቀሳቀስ በፕላስተር አሰርኩት። አያቴ ቡና ልታፈላ ረከቦቱን አቅርባ ተቀመጠች። ጀርባዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፎም ቢሆን ፊቷና ጀበናው አንድ ላይ አልገቡልኝም። የኔ ኒኮን ዲ5300 ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) አነስ ያለ ስለሆነ 50 ሲገጠምለት ትልቅ ሴንሰር ባለው ሙሉ ፍሬም ካሜራ 75 የሚያሳየውን ያህል ብቻ ነው የሚያሳየው። ለፊት ፎቶ ግሩም ነው፤ ለጠባብ ቤት ግን አይሆንም።

ፕላስተሩን አንስቼ 35 ላይ አሰርኩት። ከጀበናው አፍ የሚወጣው እንፋሎት፣ ከሰል ያጠቆረው የአያቴ ጣት፣ በበሩ የሚገባው ብርሃን፣ ሁሉም ገቡ! ብቻ ብርሃኑ አነሰኝና ቡናውን ስትቀዳ እጇ ደብዝዞ ወጣ። ዙሜ 35 ላይ ከኤፍ 4.5 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል። 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግን ስድስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ከሚነሳው ሰው ኋላ ያለው ነገር ስለ መደብዘዙ ነው፤ እኔን የገዛኝ ይህ ብርሃን ነው።

ያገለገለ ሌንስ የምትፈልጉ ደግሞ «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል ጽሑፍ እንዳለበት እዩ፤ እንደኔ ያለው ካሜራ የራሱ የትኩረት ሞተር የለውም፤ ኤኤፍ-ኤስ የኒኮን ሌንስ ግን ሞተሩ በራሱ ውስጥ አለ።

«አንተ ልጅ፣ አቦሉ ቀዘቀዘ እኮ» አለችኝ አያቴ። ካሜራውን አስቀምጬ ሲኒዬን ተቀበልኳት።