ከዳር ሆኖ የቤንዚን ብሎን ማዞር፦ ለሞዴል ጀልባዬ የመረጥኩት መንገድ

በውድድር ሞዴል ጀልባ ላይ ሦስተኛ ሰርቮ (በሪሞት ትእዛዝ ክንድ የሚያዞር ትንሽ ሞተር) ጨምሮ የቤንዚንና የአየር ድብልቁን ከዳር ሆኖ መቆጣጠር ያስፈልጋል ወይስ ትርፍ ክብደት ነው የሚለው ክርክር በመካከላችን ከተነሣ ቆይቷል። እኔ ያስፈልጋል ወደሚለው ወገን አዘንብያለሁ። ሆኖም ለዚህ የሚሸጠው መሣሪያ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሞተር ስለማይሆን፣ ባሕር ዳር ላይ ሆኜ የትኛውን ለምን እንደመረጥኩና ሥራው የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ላይ ከሚስበው በአምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። አምራቹ በመመሪያው የጻፈውን፣ የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን የብሎን አከፋፈት እንዳለ ከወሰድነው ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭሱ ይወፍራል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ ፍጥነትም አያወጣም። ይህን ዳር ላይ በካቻቢቴ ማስተካከል ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ጀልባው ከእጅ ከወጣ በኋላ ያለው ነው፤ ፕሮፔለሩ ግማሹ ከውሃ በላይ ሆኖ ጀልባው ላዩን መንሸራተት ሲጀምር ሞተሩ ይቀለውና ዙሩ ያሻቅባል፣ ኩርባ ላይ ሲደርስ ደግሞ መልሶ ይከብደዋል። በዚያ ላይ ሐይቁ የሚረጋልን ማለዳ ነው፤ የማለዳው አየር ደግሞ ቀዝቀዝና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ ትናንት በቀትር ሙቀት ልክ የነበረው ብሎን ዛሬ ማለዳ ቤንዚን ያጎድላል።

ማጉደል ከማብዛት እጅግ የከፋ ነው። ቤንዚን ሲበዛ ውድድሩ ቢያመልጥ እንጂ ሞተሩ አይጎዳም፤ ሲያንስ ግን፣ ሁለት ምት ሞተር ቅባቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ከተቀላቀለው ዘይት በመሆኑ (እኔ የምቀላቅለው 25 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት ነው)፣ የቤንዚን እጥረት የዘይት እጥረትም ይሆናል። ፒስተኑ ይግላል፣ ከሲሊንደሩ ጋር ይፋጫል፣ በመጨረሻም ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ የትኛውንም መሣሪያ ስመዝን የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ቢበላሽ ወደ የትኛው ወገን ይሄዳል?» የሚል ነው።

በሜታኖል (የአልኮል ነዳጅ) ለሚሠሩ ሞተሮች በሰልባትዮውና ነዳጅና አየር በሚቀላቀልበት ካርቡሬተር መካከል የሚገባ፣ በሰርቮ የሚከፈትና የሚዘጋ ቧንቧ አለ፤ ነዳጁ የሚያልፍበትን የሲሊኮን ጎማ በክንድ ጨምቆ ፍሰቱን የሚቀንስም አለ። ከዋናው ብሎን ጎን ለጎን ተጨማሪ ነዳጅ የሚያሳልፍ ሁለተኛ መስመርም ይሠራል። የሜታኖል ሞተር ቢኖረኝ የምመርጠው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ምክንያቱም ዋናው ብሎን ዳር ላይ ሆነን ከወሰንንለት በታች ነዳጁ እንዳያንስ ስለሚጠብቅ፣ ጣታችን በሪሞቱ ላይ ቢሳሳት እንኳ የሚመጣው ትርፍ ነዳጅ ብቻ ነው። የጎማ መጭመቂያውን ግን አልወደድኩትም፤ ጎማው ሲሞቅ ስለሚለሰልስ፣ ያው የሰርቮ ቦታ ጠዋትና ቀትር ላይ አንድ ዓይነት ፍሰት አይሰጥም።

የእኔ ሞተር ግን ዜኖዋ የተባለ 26 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ነው። ሜታኖልን የተውኩት በአውሮፕላን ሻንጣ ስለማይመጣና ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን ለዓይን ስለማይታይ ነው፤ እጅ ከተቃጠለ በኋላ ነው እሳት መኖሩ የሚታወቀው። የዜኖዋው ካርቡሬተር ዋልብሮ የተባለው ዓይነት ሲሆን ቤንዚኑን የሚስበው በራሱ ስስ ሽፋን ፓምፕ ነው። እንዲህ ባለው ካርቡሬተር ላይ ከመስመሩ መሐል ማነቂያ ማስገባት ፓምፑን ያስርበዋል፤ ሚኒሞውንም (ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ የሚዞርበትን) ያበላሻል። ስለዚህ የቀረው መንገድ የከፍተኛ ፍጥነቱን ብሎን ራሱን በሰርቮ ማዞር ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ቤንዚን እንደ ሜታኖል ቻይ አለመሆኑ ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲፈልግ፣ ለአንድ ኪሎ ሜታኖል ከ6.5 ኪሎ ያነሰ ይበቃዋል፤ በመሆኑም በቤንዚን ብሎን ላይ ጥቂት መዞር ብዙ ለውጥ ያመጣል።

በብሎኑ ራስ ላይ ያሰርኩት የነሐስ ክንድ ከሰርቮው ክንድ ሁለት እጥፍ ይረዝማል። ሰርቮው ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ዲግሪ ሲዞር ብሎኑ የሚዞረው 30 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም የአንድ ዙር አሥራ ሁለተኛ ብቻ ነው፤ ከዚህ በላይ አያስፈልገኝም። ማያያዣው የታጠፈ ሽቦ ሳይሆን ጫፉ ኳስ መገጣጠሚያ ያለው ዘንግ ነው፤ ታጥፎ የገባ ሽቦ በሞተሩ ንዝረት ቀዳዳውን እያሰፋ ስለሚሄድ፣ ሰርቮው ቆሞ ሳለ ብሎኑ ብቻውን መወዛወዝ ይጀምራል። ክንዱን ቤንዚን ወደሚጨምርበት አቅጣጫ የምትጎትት ትንሽ ሞላም ጨምሬያለሁ፤ ዘንጉ ቢወልቅ ሞተሩ ይንተባተባል እንጂ አይቃጠልም።

በሬዲዮው በኩል ምልክት ሲቋረጥ ነዳጅ መስጫው ወደ ሚኒሞ፣ ድብልቁ ደግሞ ወደ ብዙ ቤንዚን እንዲሄድ ተቀባዩ አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ርካሽ ተቀባዮች ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያደርጉት ለነዳጅ መስጫው ብቻ ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሪሞቱን አጥፍታችሁ ሁለቱም ክንዶች ወዴት እንደሚሄዱ በዓይናችሁ እዩ። ሦስተኛውን ቻናል በሚዞር እጀታ ፋንታ ባለ ሦስት ደረጃ ማብሪያ ላይ ያደረግሁት፣ ታንኳና መረብ ባለበት ውሃ ላይ ዓይኔን ከጀልባው ማንሳት ስለማልፈልግ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሩ ሲግል ሁሉም ወደ ብሎኑ ይሮጣል። ይሁንና በጣና ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከጀልባው ጎን የሚወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ ነው፤ የእምቦጭ ሥር ቅንጣቢ መሳቢያውን ከደፈነው፣ ድብልቁ ልክ ሆኖ ሳለ ሞተሩ ቤንዚን እንዳነሰው ሁሉ ይግላል። ውሃው በደንብ እየወጣ ከሆነ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው፤ ቡናማ ከሆነ ብሎኑ አይነካ፣ ከነጣ ግን ማብሪያው ወደ ብዙ ቤንዚን ይመለስ። አሁን የቀረኝ በመሳቢያው ላይ የሚሆን ወንፊት መሥራት ነው፤ የውሃውን ፍሰት ሳይቀንስ ሥር የሚይዝ የሞከራችሁ ካላችሁ፣ የቀዳዳውን ስፋት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።