የኦፒዮይድ ንጽጽር ማስታወሻ፦ ከጥንካሬው ይልቅ ሰዓቱ

በቀዶ ሕክምና ሰመመን ወቅት የምንሰጣቸውን ኦፒዮይዶች (እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ ሕመም ማስታገሻዎች) ማወዳደር ስንጀምር ሁላችንም የምንይዘው የጥንካሬ ሰንጠረዡን ነው። ሞርፊን 1 ቢባል ፔቲዲን አንድ አሥረኛው፣ ፌንታኒል 100 ገደማ፣ ሱፌንታኒል ከ500 በላይ ነው። ሰንጠረዡ ልክ ነው፤ መድኃኒት ለመምረጥ ግን እምብዛም አይረዳም። መጠናቸው እስከተስተካከለ ድረስ ሁሉም ሕመም ያስታግሳሉ፣ ሁሉም ትንፋሽ ያዳክማሉ። ዋናው ልዩነታቸው ጫፋቸው ላይ፣ ማለትም ኃይላቸው ከሁሉ የሚበረታበት ነጥብ ላይ፣ መቼ እንደሚደርሱና መቼ እንደሚለቁ ነው። ስለዚህ ይህ ዙር ማስታወሻ በሰዓት ላይ ያተኩራል።

ፌንታኒልን እንውሰድ። ለማስተኛት የሚሰጠው ከ1 እስከ 2 ማይክሮግራም በኪሎ ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ታካሚ በኪሎ 2 ቢታሰብ 140 ማይክሮግራም፣ በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮግራም ካለው አምፑል 2.8 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በ1 ወይም በ2 ደቂቃ መሥራት ይጀምራል፤ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ግን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ከማስተኛው ፕሮፖፎል ጋር አከታትለን ሰጥተን ደቂቃ ሳይሞላ ላሪንጎስኮፕ (ጉሮሮን አሳይቶ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት የሚረዳ መሣሪያ) ካስገባን የልብ ምቱም ግፊቱም ይዘላል። ያኔ «አልበቃውም» ተብሎ ይጨመራል። ቱቦው ገብቶ ከታሰረ በኋላ ታካሚውን የሚያነቃቃ ነገር ስለማይኖር ሁለቱ ዶዞች ተደርበው ግፊቱን ይጥሉታል። የጎደለው መጠን ሳይሆን ትዕግሥት ነበር፤ ፌንታኒሉን አስቀድሞ ሰጥቶ፣ ኦክስጅን እያስተነፈሱ 3 ደቂቃ መጠበቅ ይበቃል።

አልፌንታኒል ከፌንታኒል ደካማ ሆኖ ሳለ የሚፈጥነው ለምንድን ነው? ስብ ውስጥ መሟሟት ብቻ ቢሆን ፌንታኒል ይቀድመው ነበር። ምክንያቱ ፒኬኤው ነው፤ ይኸውም የመድኃኒቱ ግማሽ ቻርጅ (የኤሌክትሪክ ሙል) የሚይዝበት ፒኤች ነው። የአልፌንታኒል 6.5 ስለሆነ በደም ፒኤች 7.4 ላይ 90 በመቶ ያህሉ ቻርጅ የለውም፤ የፌንታኒል 8.4 ስለሆነ ቻርጅ የሌለው ከ10 በመቶ በታች ነው። ወደ አንጎል በቀላሉ የሚያልፈው ደግሞ ቻርጅ የሌለው ክፍል ነው። ለዚህ ነው አልፌንታኒል ጫፉ ላይ በ1 ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚደርሰው። ለአጭርና ለታወቀች ቅጽበት፣ ለምሳሌ ለላሪንጎስኮፒ ብቻ፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

አለቃቀቃቸው ላይ ስንመጣ አንድ ቁጥር ብቻ መያዝ ካለብን፣ በፓምፕ ያለማቋረጥ ለ4 ሰዓት ከተሰጠ (ኢንፊዩዥን) በኋላ ፓምፑ ሲቆም በደም ያለው መጠን በግማሽ ለመውረድ የሚፈጅበትን ጊዜ እንያዝ፦ ፌንታኒል 260 ደቂቃ ገደማ፣ አልፌንታኒል 60፣ ሱፌንታኒል 30፣ ሬሚፌንታኒል 4። ፌንታኒል በአንድ ዶዝ አጭር የሚመስለው ከደም ወጥቶ ጡንቻና ስብ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ማከማቻው ሲሞላ ግን ወደ ደም መመለስ ይጀምራል። በረጅም ኦፕሬሽን በየ20 ደቂቃው 100 ማይክሮግራም መጨመር የሚያስከትለው ይህንኑ ነው፤ ታካሚው ቱቦው ሲወጣ ይተነፍሳል፣ ሪከቨሪ (ከኦፕሬሽን በኋላ የሚያገግምበት ክፍል) ደርሶ ጸጥ ሲል ትንፋሹ ይዘገያል።

ሬሚፌንታኒል በደምና በቲሹ ባሉ ኢስተሬዝ በተባሉ ኢንዛይሞች ስለሚሰባበር ለመውጣት ጉበትንና ኩላሊትን አይፈልግም፤ ለ1 ሰዓትም ይሂድ ለ8፣ አወጣጡ ያው ነው። 1 ሚሊ ግራሙን ዱቄት በ20 ሚሊ ሊትር ብናቀጥነው በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮግራም ይሆናል። ለ70 ኪሎ፣ 0.1 ማይክሮግራም በኪሎ በደቂቃ ማለት በደቂቃ 7፣ በሰዓት 420 ማይክሮግራም፤ ፓምፑ 8.4 ሚሊ ሊትር በሰዓት ላይ ይሞላል። ዕድሜው ለገፋ በግማሽ ይጀመራል። ለወፍራም ታካሚ የሚሰላው በሚዛኑ ሳይሆን ለቁመቱ በሚገባው ኪሎ ነው።

የሬሚፌንታኒል አደጋው ያለው ከፓምፑ ወደ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ ወደተተከለው ማስገቢያ) በምትወስደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። ከመገናኛው እስከ ደም ሥሩ 1 ሚሊ ሊትር ቦታ ካለ፣ በ8.4 ፍጥነት መድኃኒቱ ለመድረስ 7 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ፓምፑ እየሠራ ታካሚው ምንም አላገኘም ማለት ነው። ሲያበቃም እዚያችው ቱቦ ውስጥ 50 ማይክሮግራም ይቀራል። ሪከቨሪ ውስጥ አንድ ሰው አንቲባዮቲክ ሊሰጥ ካኑላውን ሲያጥብ የነቃው ታካሚ መተንፈስ ያቆማል። መፍትሔው ሁለት ነው፤ ፓምፑን ካኑላው ሥር በዋን ዌይ ቫልቭ (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ መቆጣጠሪያ) ማገናኘት፣ ከኦፕሬሽን ክፍሉ ከመውጣት በፊት ደግሞ ታካሚውን እያየን መስመሩን አጥበን ቱቦውን መንቀል። ዱቄቱ ግላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ስላለበት ወደ ስፓይናልም ወደ ኤፒዱራልም (በአከርካሪ በኩል ወደሚሰጥ መርፌ) ፈጽሞ አይገባም።

ሬሚፌንታኒል ሲቆም ማስታገሻውም አብሮ ስለሚሄድ ተተኪው ቀድሞ መግባት አለበት። ሞርፊን እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ዘገምተኛ ስለሆነ ግን ስፌቱ ሲያልቅ የተሰጠ ሞርፊን ለመጀመሪያው ሕመም አይደርስም። 0.1 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ከማለቁ 30 እስከ 45 ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ ከፓራሲታሞልና በቁስሉ ዙሪያ ከሚወጋ ማደንዘዣ ጋር ይሰጣል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ሞርፊን አይመከርም፤ ኤም 6 ጂ የተባለው ውላጁ (ሰውነት ሲለውጠው የሚገኘው ንጥረ ነገር) ራሱ ኃይለኛ ማስታገሻ ነው፣ መውጫው ኩላሊት ስለሆነም ይጠራቀማል። ፌንታኒል ጉበት ውስጥ ወደማይሠራ ውላጅ ስለሚለወጥ ለዚህ ታካሚ ይሻላል። ሞርፊን ሂስታሚንም ስለሚለቅ ቀስ ተብሎ ነው የሚሰጠው።

ፔቲዲንን ለኦፕሬሽን ሕመም ዋና መድኃኒት አላደርገውም፤ ኖርፔቲዲን የተባለው ውላጁ መንቀጥቀጥ ያመጣል፣ ኤምኤኦ ኢንሂቢተር (የድብርት መድኃኒት ዓይነት) ለሚወስድ ሰው ደግሞ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ከሰመመን በኋላ ለሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት 25 ሚሊ ግራም መስጠት ግን እስካሁን ጥሩ ነው።

በፍጥነት ከተሰጠ ፌንታኒል ወይም ሬሚፌንታኒል በኋላ ማስክ አየር አላስገባ ካለ ደረት ተገትሮ፣ ጉሮሮም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። የማስኩን አየር መግፊያ ቦርሳ በኃይል መጭመቅ ጨጓራን ይነፋል እንጂ አይከፍተውም፤ የሚከፍተው ጡንቻ ማላሊያ ነው።

የኦፒዮይድን ሥራ የሚቀለብሰውን ናሎክሶን፣ 0.4 ሚሊ ግራሙን በ10 ሚሊ ሊትር አቅጥኖ፣ በየ2 ደቂቃው 1 ሚሊ ሊትር፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ብቻ መስጠት ይበቃል። ሙሉው አምፑል በአንዴ ከገባ ሕመሙ ተመልሶ ግፊቱ ይፈነዳል፣ ሳንባም ውኃ ሊቋጥር ይችላል። የሚቆየው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ስለሆነ፣ ሞርፊን የወሰደ ታካሚ ከነቃ በኋላም ከሪከቨሪ ቶሎ አይወጣም።